ባሕር ዳርና ዘጌ፦ አገር በቀል ዛፍ ለማየት ለሚመጣ ሰው

ባሕር ዳር ላይ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ዛፍ አብዛኛው መጤ ነው። ግንቦት ላይ መንገዱን ቀይ የሚያለብሰው የድሬዳዋ ዛፍ ዘሩ ከማዳጋስካር ነው። ጃካራንዳውና አጥር ላይ የሚንጠለጠለው ቡጋንቪሊያ ከደቡብ አሜሪካ፣ ግራቪሊያውና ባሕር ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጡ ናቸው። ከተማዋ የምትታወቅበት ዘንባባም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ለሆሳዕና ቅጠሉን የምንይዘው አገር በቀሉ ከአንድ ሥር በርካታ ቀጫጭን ግንዶች አውጥቶ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ በአንድ ወፍራም ግንድ ቀጥ ብሎ የሚቆመው የጌጥ ዘንባባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የመጣ ነው። እነዚህን ፎቶ አንስቶ «የጣና ዕፅዋት አየሁ» ብሎ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው።

አገር በቀሉን በሦስት ቦታ ማየት ይቻላል፤ ከተማው ውስጥ በሐይቁ ዳር የእግር መንገድ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ፣ ከዚያም ጣና ሐይቅ ውስጥ ገባ ብሎ በተዘረጋው የዘጌ ልሳነ ምድር። ጊዜው አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ሙሉውን ለዘጌ ስጡት። ሁለት ቀን ካላችሁ የመጀመሪያውን ከተማው ውስጥ ቅጠል መለየት ተለማመዱበት፤ ጫካ ውስጥ ገብቶ ከዜሮ መጀመር ሁሉንም ዛፍ አንድ ያስመስላል።

ወቅቱን በተመለከተ ምርጫችን ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ይዘንባል፤ ሐምሌና ነሐሴ የዘጌ መንገድ ጭቃና የሚያንሸራትት ድንጋይ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ዋንዛ ነጭ አበባውን ያወጣል፤ ከጥቅምት ጀምሮ የቡናው ፍሬ ይቀላል። የቡና አበባ ማየት የሚፈልግ ግን ሌላ ጊዜ መምጣት አለበት። ቡና የሚያብበው ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ከጣለ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ አበባው ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይረግፋል። ስለዚህ ቀን ቆርጦ ሆቴል ከመያዝ ዘጌ የሚያውቁትን ሰው በስልክ «ዝናብ ጣለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ደግሞ የወባም ወቅት ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ወባ አለባት፤ አጎበር ያለው ክፍል ያዙ፣ ሲመሽ እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ።

የሐይቁ ዳር መንገድ ጥቅሙ የሾላ ዘመዶችን ጎን ለጎን ማየት መቻሉ ነው። አራቱን ለይቶ ማወቅ ለቀሪው ጉዞ ዓይን ይከፍታል። የሁሉም ቅጠል ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ያወጣል፤ ልዩነታቸው ፍሬው በሚወጣበት ቦታና በቅጠሉ ነው። ዋርካ ሰፊና ሲዳሰስ ሻካራ የሆነ ቅጠል፣ ቅጠሉም ላይ ጎልተው የሚታዩ የደም ሥር መሰል ቢጫማ መስመሮች አሉት፤ ፍሬው ከቅጠሉ ጉያ ይወጣል፤ ጥላው ገበያና ሸንጎ ይይዛል። ሾላ ፍሬውን ከግንዱና ከወፍራም ቅርንጫፉ ላይ በዘለላ ያንጠለጥላል፤ ለጋ ቅጠሉ ቀላ ይላል። ባምባ ከሩቅ የሚታወቀው በቢጫማው፣ በስሱ በሚላጠው ልጡ ነው። ችብሃ ቅጠሉ ትንሽና ለስላሳ ሲሆን ከቅርንጫፉ ወደ መሬት የሚወርድ የአየር ሥር አለው። ብዙ ጊዜ ወፍ በጣለችው ዘር ሌላ ዛፍ ላይ ይበቅልና አስተናጋጁን እየጠመጠመ ያንቀዋል፤ አንድ ግንድ ሁለት ዓይነት ቅጠል ካሳያችሁ ይኸው ነው።

ሾላ አበባ የለውም የሚባለውን ለማረም የወደቀ ፍሬ አንሱና በምላጭ ለሁለት ክፈሉት። አበባዎቹ ውስጥ ናቸው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ደቃቅ ነገሮች ግድግዳውን ሞልተውት ታያላችሁ። አበባውን የምታዳቅለው ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ተርብ ስትሆን በፍሬው አፍ ገብታ እንቁላሏን የምትጥለው እዚያው ነው። ዐሥር እጥፍ የምታጎላ ትንሽ የእጅ መነጽር ካላችሁ እዚህ ጋ ዋጋዋን ትመልሳለች።

ከዓባይ መውጫ በኩል ደግሞ የሚታየው የውሃ ዳር ተክል ነው። ደንገል፣ ፊላና ሸንበቆ ከሩቅ ተመሳሳይ ረጅም ሣር ይመስላሉ። የወደቀ አገዳ አንስታችሁ በጣታችሁ መካከል አንከባልሉት። ሦስት ማዕዘን ሆኖ አልንከባለል ካለ ደንገል ነው፤ አናቱ ላይ የተበተነ ፀጉር መሰል ጉንጉን አለው፣ አገዳው ላይ ቅጠል የለም። ጠፍጣፋ ረጅም ቅጠልና ቡናማ በቆሎ መሰል ራስ ያለው ፊላ ነው። ውስጡ ክፍት፣ ላዩ አንጓ ያለው ሸንበቆ ነው። ታንኳ የሚሠራው ከደረቀ ደንገል ሲሆን አገዳው ውስጡ ስፖንጅ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ በዚሁ ምክንያት ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው አጭር ነው። የሐይቁ ውሃ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፣ በሰኔ ዝቅ ይላል፤ በሰኔ የመጣ ሰው ደንገሉን ደረቅ መሬት ላይ ሊያገኘው ይችላል።

እዚያው ዳርቻ እምቦጭም ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ጣና ላይ በግልጽ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ ነው፤ የትውልድ አገሩ የአማዞን ተፋሰስ ነው፤ ክፉኛ የወረረው በሰሜንና በምሥራቅ ያለውን ዳርቻ ነው። የቅጠሉ እግር እንደ ፊኛ ያበጠ ነው፣ አበባውም ወይን ጠጅ ሆኖ ያምራል። ለፎቶ ብላችሁ አንስታችሁ ሌላ ቦታ አትጣሉት፤ ከአንድ ቁራጭ ግንድ ራሱን ያባዛል።

በዚህ ዳርቻ ሁለት ነገር ቀልድ አይደለም። አንዱ ጉማሬ ነው፤ ሲመሽ ለግጦሽ ከውሃው ይወጣል፣ በእሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው ላይ አይራራም። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ደንገሉ አጠገብ አትቆዩ። ሁለተኛው ቢልሃርዚያ፣ ውሃ ውስጥ ባለ ትል የሚይዝ በሽታ ነው። ትሉ የሚያድርበት ቀንድ አውጣ ጥልቀት በሌለው፣ ሣር በበዛበት ዳር ስለሚኖር እግር መንከር በሽታውን መጋበዝ ነው። ጀልባው ዳር ሳይደርስ ውረዱ ከተባላችሁ እስኪጠጋ ጠብቁ። ውሃው የነካችሁ እንደሆነ ቶሎ ማድረቅ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ከሳምንታት በኋላ ተመርመሩ፣ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በቀላሉ ይገኛል። የሚገርመው፣ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ተክል እንዶድ አገራችን ውስጥ በየአጥሩ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ ይህን ባሕርዩን ያስተዋሉት እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው። ፍሬው በዘለላ ወጥቶ ሲበስል ይቀላል፤ መርዛማ ስለሆነ ልጆች እንዳይቀምሱት።

ወደ ዘጌ እንሂድ። በጀልባ እንደ ሞተሩና እንደ ነፋሱ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በመኪናም ይደረሳል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውሃ ላይ ሁኑ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ማዕበል ያመጣል፤ መመለሻው ከመሄጃው የሚከብደው ለዚህ ነው። ዋጋ የሚነጋገሩት በጀልባ እንጂ በሰው አይደለም፤ ከመሳፈር በፊት የምትቆሙባቸውን ቦታዎች በስም፣ የመቆያውን ጊዜ በሰዓት ቁረጡ። ብዙ ጀልባ ነጂ አንድ ገዳም አይተው ቶሎ የሚመለሱ ሰዎችን ለምዷል፤ «ሦስት ሰዓት እንቆያለን፣ ዛፍ ነው የምናየው» ካልተባለ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ክርክር ይነሳል። ተንሳፋፊ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ክልሉ ካለበት ሁኔታ አንጻርም የመንገዱንና የሐይቁን ደኅንነት በዚያው ሳምንት ከከተማው ሰው አጣሩ።

በመንገድ ሌላ ደሴት ለመጨመር ካሰባችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገባም። ዘጌ ያሉት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ሁሉንም ይቀበላሉ።

ዘጌ ጫካ ሆኖ የቆየው ሰው ስላልነካው አይደለም፤ ሰው በሕግ ስለያዘው ነው። በገዳማቱ ሥርዓት ልሳነ ምድሩ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ነው። በትውፊቱ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ተሰጣቸው ይባላል፤ ሕዝቡ የሚኖረውም በእነዚሁ ነው። ሞፈርና የከብት ኮቴ የሌለበት መሬት ችግኝ ያሳድጋል። የጣና ሐይቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ዘጌን የመሰለ ደን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ ልሳነ ምድሩን ከአጠገቡ ካለው የእርሻ መሬት ጋር ማስተያየት ይበቃል።

አስጎብኚ መያዝ ግዴታም ጥቅምም አለው። ግን ወጣቶቹ የሠለጠኑት በአብዛኛው በሥዕሉና በታሪኩ ላይ ነው። መጀመሪያውኑ «ቡና ያለው፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ይጨመርልን» በሉ፤ ለግማሽ ቀን የሚከፈለውን ቀድማችሁ ተስማሙ። እንዲህ ያሉትን ሽማግሌ «አያ» ብሎ ስማቸውን መጥራት ያምራል፤ መነኩሴ ካገኛችሁ «ይፍቱኝ አባ» ብሎ ማለፍ ነው። አንድ ዛፍ በስም ከመጠየቅ ይልቅ «ይሄ ለምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያወጣል፤ ለከበሮ፣ ለሞፈር፣ ለጭስ፣ ለመፋቂያ የሚሆነው በዝርዝር ይመጣል።

ከወደቡ ወደ ኡራ የሚወጣው መንገድ ሃያ ደቂቃ ያህል የሚያስኬድ ነው፤ እናንተ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ስጡት። ዕቃ ሻጮቹን «ስንመለስ» ብላችሁ እለፉ፤ ስትመለሱም ቃላችሁን ጠብቁ።

ጫካው ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው የቅጠል አቀማመጥ ነው። ቅርንጫፉ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ከቆሙ አንድ ወገን ነው፤ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ እያለ ከተፈራረቁ ሌላ ወገን። ዘጌ ላይ ይህ ወዲያው ያገለግላል፤ ቡናና ጌሾ እየተደባለቁ ይበቅላሉና። የቡና ቅጠል ጥንድ ነው፣ ጠርዙ ይወዛወዛል እንጂ ጥርስ የለውም። የጌሾ ቅጠል ይፈራረቃል፣ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ላይ ደቃቅ ጥርስ አለ፤ ፍሬው ቀልቶ ሲበስል ይጠቁራል። ለጠላ ቅጠሉን፣ ለጠጅ እንጨቱን ነው የሚፈልጉት፤ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ክምር ካያችሁ የጌሾ አዝመራ ነው።

ጥንድ ቅጠል ካላቸው ወገን ወይራን በጀርባው ታውቁታላችሁ፤ ላዩ ጥቁር አረንጓዴ፣ ታቹ ግራጫ ወይም ወርቃማ ነው። ዶቅማ ቅጠሉ ወፈር ያለና የሚያንጸባርቅ ሲሆን የበሰለ ፍሬው ጥቁር ወይን ጠጅ ሆኖ ምላስ ያጠቁራል። ከሚፈራረቁት ውስጥ ዋንዛ ሰፊ ቅጠልና እንደ ስስ ወረቀት ያለ ነጭ አበባ አለው፤ ቢጫ ፍሬው ጣፋጭና የሚያጣብቅ ነው። ብሳና ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው ነው፤ ከመርገፉ በፊት ብርቱካናማ ስለሚሆን ከአረንጓዴው መካከል በማንኛውም ወር ጥቂት ብርቱካናማ ቅጠል የያዘው ዛፍ እሱ ነው። እሸ ወተት አለው፣ ፍሬው ብርቱካናማ ቀይ ነው፣ ይበላል። ጥቁር እንጨት ልጡ የጠቆረና የተሰነጣጠቀ፣ የቅጠሉ እግር ቀላ ያለ ነው፤ የወደቀ ለምለም ቅጠሉን ጨፍልቃችሁ ብታሸቱት የመራራ ለውዝ (አልሞንድ) ዓይነት ሽታ ይሰጣል። ልጡ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ ንግዱ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ዙሪያውን የተላጠ ግንድ ካያችሁ ያ ዛፍ ይሞታል፤ ምግብ ወደ ሥሩ የሚወርደው በልጡ ነው።

ቡናው ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው፤ ከጥላዎቹ ሁለቱን መለየት አይከብድም። ሰሳ አናቱ ጠፍጣፋ፣ ቅጠሉ በደቃቁ የተከፋፈለ ነው። ብርብራ ቅጠሉ በአንድ አከርካሪ ግራና ቀኝ የተደረደረ ሆኖ ጫፉ ላይ ብቸኛ ቅጠል አለው፤ ለጋው ዝገት የመሰለ ፀጉር ይለብሳል፤ የዘሩ ማቀፊያ ሲደርቅ ጧ ብሎ ይፈነዳል። ሁለቱም የጥራጥሬ ቤተሰብ ናቸው፤ ናይትሮጂን ወደ አፈሩ ይጨምራሉ፣ ገበሬው የሚተዋቸውም ስለሚጠቅሙት ነው። የብርብራ ዘር ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣ ያደነዝዛል፤ ጣና ላይ ለሕገወጥ ማጥመድ ሲውል ጫጩቱን ሳይለይ ይፈጃል።

ቀና ብሎ ማየት ብቻ አይበቃም፤ ወደ መሬትም ተመልከቱ። ትልልቅ ዛፍ ሞልቶ ከሥሩ የዚያው ዛፍ ችግኝ ከጠፋ ጫካው እያረጀ ነው ማለት ነው። ቡናው ሥር ሲታረም አረሙና የዛፉ ችግኝ አብረው ይመነጠራሉ። ገዳማቱ ቅጥር አጠገብ ያለውን መሬት ከቡናው መካከል ካለው ጋር አወዳድሩ፤ ይህን ልዩነት ያየ ሰው ከሥዕሉ ያላነሰ ነገር አይቷል እንላለን። ሥዕሉም ይታይ፤ ጫማ ስለሚወልቅ ንጹሕ ካልሲ ያዙ።

ለፎቶ አምስት ምስል በዛፍ ይበቃል፤ ቅጠሉ ከላይ፣ ከሥር፣ አቀማመጡ ከነቅርንጫፉ፣ ልጡ፣ ከዚያ ሙሉው ዛፍ። አበባ ወይም ፍሬ ካለ ስድስተኛ ጨምሩ፤ እጃችሁን ለመጠን አጠገቡ አድርጉ። የስልክ መተግበሪያዎች ከቅጠሉ ላዩ ብቻ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሌላ አገር ዝርያ ይሰጣሉ፤ መልሱን ከአያ ስያሜ ጋር ካላመሳከራችሁ አትመኑት። በአንድ ቀን ሃምሳ ዛፍ ከመሮጥ ዐሥራ ሁለት በደንብ ማወቅ ይሻላል።

የምትለብሱት ረጅም ሱሪና ሶሉ የሚይዝ ጫማ ይሁን፤ ለሰው ሁለት ሊትር ውሃ ያዙ። አለብላቢት ከነካችሁ አትከኩ፣ በውሃ እጠቡት። ቅንጭብ በአጥር ላይ የተለመደ ነው፤ ወተቱ ዓይን ከገባ ቢያንስ ለሩብ ሰዓት በንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ማሸት ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ቡናውም ጌሾውም ጫካ ይምሰል እንጂ ባለቤት አለው፤ ቅጠል እንኳ ከመቅጠፍ በፊት ጠይቁ። ችግኝ መንቀል ደግሞ ለማንም አይጠቅምም፣ ከጥላ የወጣ የዱር ችግኝ አብዛኛው ይደርቃል። ቤቱ መትከል የሚፈልግ ሰው ባለመሬቱን አስፈቅዶ የወደቀ ፍሬ ይውሰድ። የዶቅማ ዘር ከደረቀ ስለሚሞት ሥጋውን አጥቦ በቀናት ውስጥ መዝራት ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙት፣ በፕላስቲክ ከረጢት አፍኖ ፀሐይ ላይ መተው ያበሰብሰዋል። የወይራ ፍሬ አጥንቱ ጠንካራ ነው፤ ውስጡን ሳትነኩ በቀስታ ካልሰነጠቃችሁት ለወራት ሊተኛ ይችላል። የዋንዛን ሥጋ በውሃና በአሸዋ አሽታችሁ አውጡ። ችግኙ ጉልበት ሲደርስ ግማሽ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ባለው ጉድጓድ፣ መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ትከሉ፤ ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ቅደዱ፣ የተጠማዘዘውን የሥር ጫፍ ቁረጡ። ዋርካን ከቤት አጠገብ አትትከሉ፤ ሥሩ መሠረት ያነሳል።